የኮሮላ አርማና የበር ሞልዲንግ፦ ቀለሙ ሳይነካ እንዴት ይነሳል?

ለገጣፎ_07

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እህቶች። መኪናው የ2007 ስሪት ኮሮላ ነው፤ ብርማ ቀለም። የኋላ ኮፈኑ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ማንሳት ፈልጌያለሁ፦ ክቡን የቶዮታ አርማ፣ የሞዴሉን ስም ፊደሎች፣ በስተግራ ጥግ ደግሞ ዱባይ የነበረው ሻጭ የለጠፈውን ኒኬል መሳይ ጽሑፍ። ከስሙ ፊደሎች ሁለቱ ቀድመው ስለወደቁ የቀሩት ጥርሱ የወላለቀ አፍ አስመስለውታል።

የአራቱን በር የጎን ሞልዲንግም (በሩ ወገብ ላይ የተለጠፈውን ረጅሙን ፕላስቲክ) ላነሳ ነው። የቀኝ ኋላው ጫፉ ተነስቶ የመንገዳችን አቧራና ጭቃ እየገባበት ነው። እነሱን ግን መልሼ ስለምለጥፋቸው መጣመም የለባቸውም።

ጥያቄዎቼ፦ አርማዎቹ በማጣበቂያ ብቻ ነው የተያዙት ወይስ ከጀርባ ብሎን አላቸው? ሰፈራችን መብራት ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል፤ ያለ ፎን (ፀጉር ማድረቂያ) ይቻላል? አንድ ጋራዥ «ካቻቢቴ በጨርቅ ጠቅልለን እናነሳዋለን፣ የቀረውን በቲነር እንጠርገዋለን» ብለውኛል። ደግሞ የግራ ኋላ በር ፀሐይ በአግድም ስትመታው ከፊተኛው በር ጠቆር ያለ ይመስለኛል። ይህስ በሥራው ላይ ለውጥ ያመጣል?

ክር_ይሻላል

የጋራዡን ሐሳብ ተወው። ካቻቢቴ በጨርቅ ተጠቀለለም አልተጠቀለለ የሚያርፈው አንዲት ነጥብ ላይ ነው። አርማውን ሲያነሳ የሚደገፈው በላሜራው ነው፤ የኮፈን ላሜራ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጨርቁ ጭረቱን ይቀንስ ይሆናል፤ ላሜራው እንዳይጎደጉድ ግን አያደርግም። ከጎደጎደ በኋላ ነገሩ ወደ ስቱኮ (የላሜራ ጉድጓድ መሙያ) እና ቀለም ይሄዳል።

መጀመሪያ ከጀርባ ያለውን እይ። የኋላ ኮፈኑን ክፈት፣ ከውስጥ ልባስ ካለው የያዙትን የፕላስቲክ ክሊፖች አውጥተህ ልባሱን ገለጥ አድርግና በአርማው ትክክል በስልክህ መብራት ተመልከት። የምታየው ከሦስት አንዱ ነው። ምንም ቀዳዳ ከሌለ በቴፕ ብቻ ተይዟል። በቀዳዳ ብቅ ያሉ ሁለት የፕላስቲክ ጫፎች ካየህ እነሱ አርማው ቦታውን እንዳይስት የሚመሩ ናቸው፤ የሚይዘው አሁንም ቴፑ ነው። በጫፎቹ ላይ ብሎን ወይም እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ ከተጫነባቸው ግን ሥራው ከውስጥ ይጀምራል፤ ያንን ሳታወልቅ ከውጭ ብትስብ ላሜራውን ይዞት ይመጣል። በስም ፊደሎች ላይ ቀዳዳ እምብዛም አይገኝም፤ ክብ አርማ ላይ ግን ብዙ ነው። ኮፈኑ ውስጥ እጅና ዓይን የማይደርስ ከሆነ ሶማሌ ተራ የተፈታ አርማ ሲሸጥ ገልብጦ ማየት ነው፤ ጀርባው እግር እንዳለውና እንደሌለው ወዲያው ይታያል። የሚታየው አርማ ግን የዚያው ሞዴልና የዚያው ዓመት መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ እጠበው። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። በለገጣፎ መንገድ የሚቦንነው አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ አሸዋ ደግሞ ከክሊሩ (ከቀለሙ በላይ ካለው ግልጽ ሽፋን) ይጠነክራል። በአርማው ዙሪያ የተከማቸውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ አውጣው፤ በፊደሎቹ ሆድ ውስጥ ያለውንም። ይህን ካልሠራህ ክሩ አሸዋውን ይዞ ቀለሙ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በኋላ «ክሩ ቧጨረው» ይባላል።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። አርማውን የያዘው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የአክሪሊክ ስፖንጅ ደብል ቴፕ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የምትፈልገው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለህ መዳፍህን አርማው አጠገብ ላሜራው ላይ አሳርፍ፤ ሦስት ሰከንድ መቆየት ካቃተህ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ አታሙቅ። ፎን ካለህ ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ሳታቆም እያንቀሳቀስክ፣ ለአንድ ፊደል አንድ ደቂቃ ያህል። ቀለም መላጫውን ሂት ገን ግን አታስጠጋው፤ እሱ በሰከንዶች ውስጥ ከ300 ዲግሪ በላይ ይተፋል፣ ክሊሩ ይኮማተራል።

መብራት ከሌለ ፔርሙዝ ይበቃል። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ወዲያው ይበርዳል፤ ስለዚህ ቀለሙን ያቃጥላል ብለህ አትስጋ። የታጠፈ ወፍራም ጨርቅ በአርማው ላይ በወረቀት ፕላስተር ያዝና ውሃውን በላዩ ቀስ እያልክ አፍስስ፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፤ ሦስት አራት ጊዜ ድገመው። ጊዜውንም ምረጥ፦ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ኮፈኑን ፀሐይ ላይ አዙረህ ካቆምከው ግማሹ ሥራ ያለቀ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ላይ ግን አትሞክረው። ቴፑ የደረቀ ነው፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ የፈላ ውሃ አጠገቡ ወዳለው ውርጭ የያዘው የኋላ መስታወት ከፈሰሰ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አራተኛው ክሩ። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን፣ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር። ካጣህ ሰም የተቀባ የጥርስ ክር ደራርበህ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። ጫፎቹን በሁለት እርሳስ ላይ ጠምጥም፤ ጣትህ ላይ ከጠመጠምከው ሁለተኛው ፊደል ላይ ትተወዋለህ። ከላይኛው ጠርዝ አስገብተህ እንደ መጋዝ ወዲህና ወዲያ፣ ረዘም ባለ ምልልስ፣ ቀስ ብለህ ቁረጥ። ክሩ ወደ ፊደሉ ጀርባ ትንሽ ያዘነበለ ይሁን፤ ቀለሙ ላይ አይተኛ። በየመሀሉ የሳሙና ውሃ ርጭበት። ክሩ እየከበደ ከመጣ ቴፑ በርዷል ማለት ነው፤ ጉልበት ሳትጨምር ሙቀቱን ድገም።

ክቡ አርማ ጋ ስትደርስ ክሩ በሁለት ቦታ ቢቆም እግሮቹ ናቸው። ዙሪያቸውን ቁረጥና አርማውን በሁለት እጅ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ወደ ውጭ ሳብ። አታዙረው። ካዞርከው እግሮቹ ይሰበራሉ፣ ጠርዙ ደግሞ ቀለሙ ላይ ግማሽ ክብ ጭረት ይተዋል።

ከዚያ በኋላ ላሜራው ላይ የሚቀረው ግራጫ ስፖንጅ ያስደነግጣል፤ አትቸኩል። እንደገና አሙቀውና በአውራ ጣትህ እየገፋህ እንደ ሊጥ አንከባለው፤ አብዛኛው ተጠቅልሎ ይወጣል። የቀረውን ስስ ሽፋን ጨርቅ በላምባ ነክረህ ለጥፍበት፣ ላምባው እንዳይተን በፌስታል ሸፍነው፣ 10 ደቂቃ ተወው። ላምባ አክሪሊኩን አያሟሟውም፤ ያሳብጠዋል፣ ያሳበጠውንም ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ ጠርዝ ትጠርገዋለህ። ሁለት ሦስት ዙር ይፈልግ ይሆናል። በመጨረሻ ላምባው ቅባት ስለሚተው በሳሙና እጠብ፣ ከደረቀ በኋላ በአልኮል ጥረግ።

ቱሉ_ዲምቱ

ለምን ታስረዝሙታላችሁ? ቲነር በሁለት ደቂቃ ያነሳዋል። ቲነር ከፈራ ቤንዚን አለ። ላምባ ላይ 10 ደቂቃ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ክር_ይሻላል

ቲነር ያነሳዋል፤ ክርክሩ ሌላ ምን ያነሳል የሚለው ነው። በፋብሪካ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ቀለም አንድ ጊዜ ጠረግ ቢያደርጉት ይችላል። ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ቀለም ግን በተለይ ርካሹ ዓይነት ይለሰልሳል፣ ይሸበሸባል፣ አንዳንዴም ከነጨርቁ ይመጣል። ጠያቂው የትኛው ፓኔል (የመኪናው አካል ክፍል) የፋብሪካ ቀለም እንዳለው ገና አላወቀም። በዚያ ላይ ፊደሎቹ ያሉት ከኋላ መብራቱ አጠገብ ነው፤ ቲነር የመብራቱን ፕላስቲክ ከነካ ደመና ያለብሰዋል፣ ያ ደግሞ በፖሊሽም አይመለስም። ሞልዲንጉንም እንደዚሁ።

ቤንዚን ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ማጣበቂያው ውስጥ ሳይገባ ይተናል፤ ስለዚህ ደጋግመህ ታፈሳለህ፣ ትነቱም ዙሪያህን ይሞላል። ግቢ ውስጥ ከሰል ወይም ምድጃ ባለበት አይሠራም፤ መብራት መጥቶ ፎን የሚሰካ ሰው አጠገብህ ካለም እንዲሁ። ላምባም ይቀጣጠላል፤ ግን በተራ ሙቀት ትነቱ በጣም ያነሰ ነው፣ ሥራውንም በተቀመጠበት ይሠራል።

የሰበታው_ቀለም_ቀቢ

ወንድሜ ለገጣፎ፣ ዋናውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥከው፤ ስለ ግራ ኋላ በር። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት እሱ ነው።

ብርማ ቀለም ውስጥ ደቃቅ የአልሙኒየም ቅንጣቶች አሉ። ቅንጣቶቹ እንዴት እንደሚተኙ የሚወስነው ሲረጭ የነበረው የአየር ግፊት፣ የቀለሙ እርጥበትና የእጁ ርቀት ነው። ስለዚህ ቀለሙ በቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ከፊት ለፊት ቢመሳሰል እንኳ በአግድም ሲታይ ይጠቁራል ወይም ይነጣል። አንተ ያየኸው ይህ ነው፤ በሩ ድጋሚ ተቀብቷል ብለህ ጀምር።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንደኛ፣ በሩን ከፍተህ የማጠፊያዎቹን ብሎኖች እይ፤ ጭንቅላታቸው ላይ ቀለሙ ከተላጠ በሩ ወልቆ ያውቃል። ሁለተኛ፣ የመስኮቱን ጎማ ጠርዝ ገለጥ አድርግ፤ ከሥሩ የቀለም መስመር ካለ ጎማው ሳይወልቅ ተሸፍኖ ነው የተቀባው። ሦስተኛ፣ ትንሽ የፍሪጅ ማግኔት በስስ ወረቀት ጠቅልለህ በሩ ላይ ቀስ ብለህ አንሸራትት። በየቦታው እኩል ከያዘ ላሜራው ቅርብ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ከላላ ወይም ከወደቀ ከሥሩ ስቱኮ አለ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ካገኘህ የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ያሳይሃል። 300 እና ከዚያ በላይ ካየህ ተደርቧል፤ ሺህ ከዘለለ ስቱኮ ነው።

ለምን እንደሚለያዩ ልንገርህ። ፋብሪካው የላዩን ቀለም የሚጋግረው በ140 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያኔ መኪናው ላይ ገና ጎማም ፕላስቲክም የለም። ጋራዥ ያንን ማድረግ አይችልም፤ ምድጃ ያለው በ60 ዲግሪ ያደርቃል፣ የሌለው በነፋስ። በነፋስ መድረቁ ራሱ ኃጢአት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው አሮጌው ክሊር በብርጭቆ ወረቀት ሳይሻከር፣ ሰምና ሲሊኮኑ ሳይጠረግ በላዩ ሲቀባ ነው። እንዲህ ያለ ቀለም ላሜራውን አልያዘም፤ በላዩ ተኝቷል። የአርማው ቴፕ ከቀለሙ የበለጠ ይዞት ከሆነ አርማውን ስትስብ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከትሎ ይመጣል። ብዙ ሰው «ሙቀቱ ጎዳው» ይላል፤ ሙቀቱ ያለበትን ገለጠው እንጂ አልጎዳውም።

ስለዚህ በተቀባ ፓኔል ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ ክር ብቻ፣ መሳብ የለም። ጫፉን አንስቶ እንደ ፕላስተር መላጥ ለፋብሪካ ቀለምም አይመከርም፤ ለጋራዥ ቀለም ግን እርግጠኛ ጥፋት ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ቀቢው ሞልዲንጉን ሳያነሳ በወረቀት ሸፍኖ ከቀባው፣ ቀለሙ ከበሩ ወደ ሞልዲንጉ ጠርዝ ድልድይ ሠርቷል። ሞልዲንጉ ሲነሳ ድልድዩ ተቀዶ በሩን ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ በአዲስ ምላጭ፣ ምላጩን ወደ ሞልዲንጉ አዘንብለህ፣ ዙሪያውን ቁረጠው። ቢስት ፕላስቲኩን እንጂ ቀለሙን እንዳይነካ ነው ማዘንበሉ።

ለገጣፎ_07

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለሁላችሁም። አየሁት። ክቡ አርማ ከውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ጫፍ አለው፣ ብሎን የለውም። ፊደሎቹና የሻጩ ጽሑፍ ጋ ቀዳዳ የለም። የግራ ኋላ በር ላይ ማግኔቱ ላይኛው ክፍል ይይዛል፤ ከሞልዲንጉ በታች መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ይወድቃል። የማጠፊያ ብሎኖቹ አልተነኩም። የዚያ በር ሞልዲንግ ራሱ ግን ጥብቅ ነው፤ አልተነሳም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ክቡ አርማ ሲነሳ ቀዳዳዎቹን ምን ላድርጋቸው? ፊደሎቹ ሲነሱስ ጥላቸው ይቀራል ይባላል፤ ይጠፋል?

የሰበታው_ቀለም_ቀቢ

የግራ ኋላውን ሞልዲንግ አትንካው። ያልተነሳን ነገር፣ ያውም ከሥሩ ስቱኮ ባለበት በር ላይ፣ ለማሳመር ብሎ ማንሳት ወጪ መጥራት ነው። ዙሪያውን በጥርስ ብሩሽ አጽዳና ተወው። ሦስቱን አንሳ።

ክቡን አርማም በቦታው ተወው እላለሁ። ሁለቱ ቀዳዳዎች በክረምት ውሃ ወደ ኮፈኑ ውስጥ ያስገባሉ፤ ጠርዛቸው ከተላጠ ደግሞ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ትክክለኛው መዝጊያ ክብ ላሜራ መበየድ ነው። ብየዳ ዙሪያውን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ኮፈኑ ሙሉ ይቀባል፤ ብርማ ስለሆነ ደግሞ ከፓራፋንጎው ጋር እንዲመሳሰል ማድረጉ ሌላ ጣጣ ነው። ለሁለት ባለ 6 ሚሊ ቀዳዳ ይህ ሁሉ አያዋጣም።

የግድ ካልክ ጊዜያዊው መንገድ ይህ ነው፦ የቀዳዳውን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ ፕራይመር ቀባ፣ ይድረቅ፣ ከውስጥ የጎማ ውታፍ አግባ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ዝጋ። ሲሊኮኑን ከመግዛትህ በፊት ዓይነቱን ጠይቅ፤ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ባዶ ላሜራን ያዝጋል። የማይሸተውን ውሰድ። ከውጭ በኩል ግን ሲሊኮን አይነካ፤ ወደፊት ኮፈኑ ሲቀባ ቀለሙ በነካበት ቦታ ሁሉ እንደ ዓሣ ዓይን እየተከፈተ ያስቸግራል።

ስለ ጥላው፦ የምታየው «ጥላ» ሁለት ነገር ነው። አንዱ በፊደሉ ዙሪያ የተጋገረ ቆሻሻና ሰም ነው፤ እሱ ይለቃል። ሌላው በዙሪያው ያለው ክሊር በፀሐይ ሲደክም ከፊደሉ ሥር ያለው እንዳለ መቆየቱ ነው። የፀሐይ ጨረሩ በየ1000 ሜትር ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ ለገጣፎ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ነች። ቀለም እዚህ ቶሎ ያረጃል። ያንተ ብርማና ባለ ክሊር ስለሆነ የደከመው የላይኛው ስስ ንብርብር ነው፤ በኮምፓውንድ (ላዩን በስሱ በሚፍቅ ማሻ ቅባት) ይነሳል። ክሊር የሌለው ነጠላ ቀይ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ራሱ ስለሚነጣ ጥላው ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችል ነበር።

አሠራሩ፦ ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ኮፈኑን እጠብና አድርቅ። መካከለኛ ኮምፓውንድ በስፖንጅ ላይ ባቄላ ባቄላ የሚያክል ሦስት ጠብታ፤ በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ በመስቀለኛ፣ መጀመሪያ ጫን ብለህ ኋላ እያላላህ፣ 3 ደቂቃ ያህል እሽ። በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረግና አግድም ተመልከት። ሦስተኛው ዙር ላይም ከታየ በእጅ አይወጣም፤ ማሽን ያለው ሰው ይሥራው። ከዚያ በደቃቁ ፖሊሽ ጨርስና ሰም ቀባ። ፊደሉ የነበረበትን ብቻ ካሸህ አዲስ የሚያበራ አራት ማዕዘን ትሠራለህ፤ ስለዚህ ዙሪያውን አስፍተህ ውሰድ።

በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጥላውን ላጥፋ የሚል ሰው ቢመጣ ኮፈኑን ዝጋበት። ክሊሩ በአዲስነቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነበር፤ አሁን ስንት እንደቀረው ማንም አያውቅም። ካለቀ በኋላ ፖሊሽ አይመልሰውም።

ገላን_ሞልዲንግ

ስለ በሩ ሞልዲንግ ማንም ስላልዘረዘረ እኔ ልጨምር። ረጅም ስለሆነ ከአርማ ይለያል፤ የሚጣመመውም ሰው በአንድ እጁ እየሳበ በሌላው ሲያሞቅ ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን ምልክት አድርግ። ከሞልዲንጉ የላይ ጠርዝ ጋር የተካከለ የወረቀት ፕላስተር በሩ ላይ ዳር እስከ ዳር ለጥፍ፤ በሁለቱ ጫፍም ቀጥ ያለ ቁራጭ አድርግ። ይህን ካላደረግህ ስትመልሰው በ2 ሚሊ ትስታለህ፤ 2 ሚሊ ደግሞ ከፊተኛው በር ጋር ሲታይ ደረጃ ይመስላል። ከዚያ ጫፎቹን ፈትሽ፤ አንዳንድ ሞልዲንግ ጫፉ ላይ በቀዳዳ የሚገባ የፕላስቲክ ክሊፕ አለው። ቀድሞ ያንን ካላወቅህ ትሰብረዋለህ።

20 ሴንቲ ሜትር አሙቅ፣ 20 ሴንቲ ሜትር በክር ቁረጥ፣ ቀጥል። የተቆረጠው እንዳይንጠለጠልና በራሱ ክብደት እንዳይታጠፍ አንድ ሰው ከታች ይደግፈው፤ ብቻህን ከሆንክ የተቆረጠውን በወረቀት ፕላስተር መልሰህ በሩ ላይ ያዘው። ፕላስቲኩ ከላሜራው ቀድሞ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ለአርማ ከተጠቀምከው ያነሰ ሙቀት ተጠቀም። ከወረደ በኋላ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አስተኛው። ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፀሐይ ውስጥ መተው ማለት ቀስት መሥራት ነው።

ጀርባው ላይ ያለውን አሮጌ ቴፕ በሙሉ አውጣ፤ እዚህም ቲነር የለም፣ ላምባና ትዕግሥት ነው። በአሮጌ ስፖንጅ ላይ አዲስ ቴፕ መደረብ በወሩ ይለቃል። አዲሱ ቴፕ ግራጫ ወይም ጥቁሩ የመኪና አክሪሊክ ይሁን፣ ውፍረቱ 0.8 ወይም 1.1 ሚሊ፣ ስፋቱ ከሞልዲንጉ ጀርባ በጥቂቱ የጠበበ። ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ነጩ ስፖንጅ ቴፕ ውሃ ይጠጣል፣ ከላቫጆ በኋላ ይላላል፤ የቀኝ ኋላህ ሞልዲንግ አንድ ጊዜ ተለጥፎ ከነበረ ምናልባት በእሱ ነው።

ሁለቱንም ወገን በአልኮል ጥረግ፤ ሰም የተቀባ በር ላይ ምንም አይያዝም፣ ስለዚህ ፖሊሹንና ሰሙን ሞልዲንጉ ከሚለጠፍበት ቦታ አርቅ። የቴፑን ሽፋን ወረቀት በሁለቱ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ገልጠህ ወደ ላይ እጠፈው፤ ሞልዲንጉን በምልክቱ ላይ አስተካክል፤ ጫፎቹ ከያዙ በኋላ የታጠፈውን ወረቀት ወደ ጎን እየሳብክ አውጣና በአውራ ጣትህ ከመሀል ወደ ዳር ተጭነህ ሂድ። ቴፑ አንዴ ከያዘ አይንሸራተትም፤ ማስተካከያ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

ይህን ሥራ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት አትጀምር። ላሜራው ከ20 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት፤ ከ10 ዲግሪ በታች ቴፑ በደንብ አይጣበቅም። በተራ ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ ጥንካሬው ግማሽ ላይ ይደርሳል፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶ፣ ሙሉ የሚሆነው በ72 ሰዓት ነው። እስከዚያ ላቫጆ አትግባ። ከዚያም በኋላ የውሃ ጠመንጃውን ወደ ሞልዲንጉ ጫፍ አነጣጥረው ከቅርብ እንዳይመቱት ተናገር፤ የመጀመሪያውንም ጫፍ ያስነሳው ይኸው ይመስለኛል።

ለገጣፎ_07

ክቡን አርማና የግራ ኋላውን ትቻለሁ፤ ፊደሎቹንና ሦስቱን ሞልዲንግ ብቻ። የሻጩ ኒኬል ጽሑፍስ? ከፊደሎቹ በጣም የሳሳ ነው፣ ክር የሚገባበት ክፍተት አላየሁም። ከዚሁ ጋር የፊት መስታወቱ ላይ የተደረደሩትን የድሮ ቦሎዎችም ላነሳ ነው፤ እነሱስ በምን?

ክር_ይሻላል

ስስ ከሆነ ስፖንጅ የሌለው፣ በቀጥታ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። በደንብ አሙቀውና አንዱን ጥግ በጥፍርህ አንሳ፤ ጥፍር ካልቻለ የኤቲኤም ካርዱን ጥግ ተጠቀም። ከተነሳ በኋላ ወደ ላይ ሳትስብ ወደ ራሱ መልሰህ አጥፈህ፣ ከላሜራው ጋር ሊነካካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገህ፣ በደቂቃ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየሄድክ ላጠው። ክር እንጂ መሳብ የለም የተባለው ለተቀባ ፓኔል ነው፤ ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ኮፈኑንም እንደ በሩ ፈትሸው። ኮፈኑም ተቀብቶ ከተገኘ ይህን ጽሑፍ ተወው፤ ማንም አያየውም።

ቦሎው መስታወት ላይ ስለሆነ ደንቡ ይገለበጣል፤ ቀለም እንዳይነካ የተባለው ምላጭ እዚያ ይፈቀዳል። ወረቀቱን በሳሙና ውሃ አርጥበህ 15 ደቂቃ ቆይ፣ አዲስ ምላጭ በመያዣው አድርገህ በ30 ዲግሪ ግድም አዘንብለህ ወደ ፊት ብቻ ግፋ፤ መስታወቱ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። የዘንድሮውን እንዳትነካ ቀድመህ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው። ፊልም የተለጠፈበት መስታወት ከሆነ፣ ወይም የኋላው የማሞቂያ መስመር ያለበት ከሆነ ምላጩን አስቀምጥና በላምባና በካርዱ ሥራው።